በዓሣ ነባሪ የተነሳ የተገዘትኩ ጊዜ

ሰሞኑን ባለቤቴ አስካለ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ደብረ ብርሃን ወሰደችኝ። ነገሩ ጆሮዬ ነው። "ስጠራህ አትሰማም፣ ሬዲዮውን ሰፈር እስኪሰማው ትከፍተዋለህ፣ ኋላ ደግሞ ማን ጮኸ ትላለህ" ስትል ከረመች። እሺ ብዬ ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣኝ፣ "አባባ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያነሳሉ" አለችና ትልልቅ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፋችብኝ። ከድምፁ በፊት የመጣው ሽታው ነው። የሞቀ ጎማ ሽታ፣ የስንቱን ሰው ላብ የጠጣ ጎማ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከታች፣ አንድ ቀጭን ድምፅ "ጢን" አለ። እጄን አላነሳሁም። ምን ብዬ ላንሳ? ትንፋሼን ይዤ ድምፁ የሆነ ነገር ነክቶ እስኪመለስ እጠብቅ ነበር። ልጅቱ በመስታወቱ ታየኛለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ ግድግዳውን አያለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ ማዳመጫውን መንጭቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩትና ወጣሁ። አስካለ በረንዳው ላይ "ምነው? አመመህ?" ብትለኝ፣ "ምንም አልሆንኩም፣ እንሂድ" አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁ። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በሬን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። አስካለም "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ግባ፣ ብርዱን አስገባኸው" ትለኛለች።

እዚህ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ስሜ ባሕረኛው ነው። እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት እየሞቱ አለቁ። ይህን ደጋ ለማያውቅ ሰው ስሙ ቀልድ ይመስለዋል። በሐምሌ ጭጋግ ሰው የራሱን በግ ከደጁ ላይ ፈልጎ በሚያጣበት አገር ምን ባሕር አለ? ወንዙም ቢሆን ገደል ለገደል ተደብቆ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ባሕረኛ ነበርኩ፣ ያውም የባሕር ሆድ የማዳምጥ ባሕረኛ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመቱን የማውቀው በሌላ ነው። ሞላሌ ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ሆኖ፣ ስሙኒ የያዘ ሰው ጠግቦ የሚተርፈው ጊዜ ነበር። ወደ መሐል ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ደጅ አውጥቶ ይቀመጣል፣ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ሱሪውን ቦላሌ ያሰፋል። ቁርጭምጭሚት ላይ መሬት የሚጠርግ ቦላሌ፣ ከላይ የእናት የበግ ፀጉር ባና ተደርቦበት! አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ግን ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያው ጠዋት ማርሽ፣ ማታ ማርሽ ነው። መሐል ላይ ካሴት ቀያሪው ሲዘናጋ አንድ የትዝታ ዘፈን ያመልጠዋል፣ ገበያተኛውም ቅቤውንና ገብሱን እንደያዘ ቀጥ ይላል። ኋላ ማርሹ ይመለሳል፣ ሰውም ወደ ክርክሩ ይመለሳል። ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል። ባለፍኩ ቁጥር ሳላስበው ሱሪዬን ዝቅ ብዬ አያለሁ።

ባሕር ኃይል የገባሁት በጆሮዬ ነው። ከትምህርት ቤት በፊት ዜማ ተምሬ ስለነበር ጆሮዬ የሰላ ነበር፣ መምህራችን ከኋላ ሆነው ማን እንደሳተ ሲጠይቁ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ በየአቅጣጫው ሲጠራና ሲዘምት እኔም ተጻፍኩ። መርማሪዎቹ ማዳመጫ አድርገውልኝ የትኛው ድምፅ ቀጭን፣ የትኛው ወፍራም እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። "ይሄ ለሶናር ነው" አሉና አሰብ ላኩኝ። ወይ አሰብ! ከዚህ ብርድ ወጥቶ እዚያ የገባ ሰው ጢስ እንደገባበት ንብ ነው የሚሆነው። ሌሊት አንሶላ አርሰን ነበር የምንተኛው። እናቴ የላከችልኝ በሶ እንኳን በሙቀቱ ሽታው ተለወጠ። ማታ ማታ ግን ከተማው ሌላ ነበር፦ የጨው ሽታ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በየቡና ቤቱ በር ላይ ቀይ መብራት፣ ነጭ የለበሰ መርከበኛ ክንድ ለክንድ ተያይዞ። የእኛ ዩኒፎርም ነጭ ነበር፣ አንገትጌው ሰማያዊ። ሰልፍ ስንወጣ አገሩ የኛ ይመስለን ነበር።

ሶናር ማለት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጮኾ የራሱን ድምፅ መልሶ እንደሚሰማው ነው። መርከቡ ድምፁን ወደ ውኃው ይልካል፣ ድምፁ የሆነ ነገር ሲያገኝ ይመለሳል፣ እኔ ምን እንደሆነ እለያለሁ። ድንጋይ ነው? የዓሣ መንጋ ነው? የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ነው? ጆሮ ካልለመደ ይህን አይለይም፣ ስለዚህ ቀን ከቀን መለማመድ ነው። ችግሩ የምንለማመድበት ሰርጓጅ መርከብ አልነበረንም። ያለን ዓሣ ነባሪ ነው። ትልቅ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይጠልቃል፣ ይወጣል። ከውጭ የመጡት አማካሪዎች "ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም" እያሉ በአስተርጓሚ ይስቁ ነበር። እኛም ባገኘነው ጊዜ በሙሉ ኃይል እንጮኽበትና እንከተለዋለን። ያን ጊዜ ይሮጣል። አንዳንዱ ከውኃው ዘሎ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንድ ትንሽ፣ ገና ልጅ የሆነ፣ አሰብ አካባቢ ካሉት ደሴቶች ባንዱ ዳር ሞቶ አገኘነው፣ ከጆሮው አካባቢ ደም ወጥቶት ነበር። በእኛ ይሁን በሌላ ማን ያውቃል? ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ፈቃድ አገኘሁ። ከአሰብ በጭነት መኪና ከጆንያ ላይ ተቀምጬ መጥቼ ጣርማ በር ላይ ስወርድ ብርዱ በጥፊ መታኝ። ነጩን ዩኒፎርሜን ለብሼ ነበር፣ ለማሳየት። ሞላሌ ገበያ ስገባ አንዲት ሴትዮ "ዶክተር፣ ይቺን ልጅ እስቲ ይዩልኝ" ብላ ሕፃን አሳቀፈችኝ! ገበያው በሳቅ አለቀ። እናቴ የሺ ግን አልሳቀችም። ገና ከሩቅ አይታኝ ቅቤዋን ትታ ሮጣ መጥታ፣ ያንን ነጭ ልብስ በሁለት እጇ እየነካካች፣ "በዚህ ብርድ ይሄን ስስ ነገር? ሰው የላችሁም እንዴ እዚያ?" እያለች አለቀሰች። እኔ ብቸኛ ልጇ ነኝ። አባቴ ቀድሞ ሞቶ እሷ ናት ያሳደገችኝ፣ ገብሱን አሳርሳ፣ በጎቹን አስጠብቃ። ስትቆጣ የምትጠራኝ "አንተ የኔ ጣጣ" ብላ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴው ላይ ተቀመጥን። ሰንበቴ የማያውቅ ካለ፣ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳስ ውስጥ ተሰብስቦ ተረኛው ያመጣውን ዳቦና ጠላ የሚካፈልበት ነው። ሁሉም ስለ ባሕሩ ጠየቀኝ። እኔም አፌን ሞልቼ ማውራት! የመርከቡን ትልቅነት፣ የውኃውን ጥልቀት፣ ከዚያ ሶናሩን፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪውን። እንዴት እንደምንጮኽበት፣ እንዴት እንደሚዘል፣ ከጆሮው ደም የወጣውን ልጅ ሳይቀር። እንደ ጀብዱ ነው ያወራሁት። ዳሱ ዝም እያለ መምጣቱን አላየሁም። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ጻድቅ የጠላ ሽክናቸውን መሬት አስቀመጡ።

"የምትለው ዮናስን የተሸከመውን ነው?" አሉኝ።

"እሱኑ ነው መምሬ። ዘሩን ማለቴ ነው።"

"ጾመ ነነዌ መቼ ነው የሚገባው?"

"በሚመጣው ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው" አለ አንዱ።

መምሬ ተነሡ። አጭር ሰው ነበሩ፣ ሲቆጡ ግን ዳሱ ይጠባቸዋል። "ነቢዩ እንኳን አልታዘዝም ብሎ ሲኮበልል እሺ ብሎ የታዘዘ ፍጥረት ነው። ሦስት ቀን በሆዱ ይዞ ሳያላምጥ ያደረሰ። እኛ በሱ ተአምር ስንጾም አንተ ጆሮውን ልታደማው? በተሰጠኝ ሥልጣነ ክህነት ገዝቼሃለሁ! በዚያ መሣሪያ በዚያ ፍጥረት ላይ እንዳትጮኽ!"

አለቀ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ግዝት በኛ አገር ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው ግዝቱን አፍርሶ ቢሞት ፍትሐት የለውም፣ ግዝቱ እስኪፈታለት ድረስም ሰው ከሱ ጋር ከአንድ ሽክና አይጠጣም። የኔ ነገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ሥራዬ ያ ነው። ተመልሼ "የነፍስ አባቴ ስለገዘቱኝ ሶናር አልነካም" ብል በዚያ ዘመን ምን እንደምባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አሻጥረኛ ነው የምባለው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ምክንያቱን ብናገር ደግሞ መምሬ አድኃሪ ተብለው ሊታሠሩ ነው። ፈቃዴ ከነነዌ በፊት ያልቃል፣ የምስክር ወረቀት የማገኝበት ልምምድም በዚያው በነነዌ ሳምንት ነው። ዓለም ጠበበችኝ። ከሞላሌ ወደ ቀየት እሄዳለሁ፣ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ፣ ሳልቀመጥ እመለሳለሁ። እናቴ እንጀራዬን ለብቻዬ እያቀረበች፣ "ከነግዝትህ እንዳትሄድብኝ" ትለኛለች። "ታዲያ ልቅር?" ስላት "ቀርተህማ እንዳይወስዱህ" ትለኛለች። መሄዱም መቅረቱም እኩል ሆነብን።

እኔ ዛሬም ድረስ ከመምሬ ጋር እከራከራለሁ፣ እሳቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። አስካለ ለብቻዬ ሳወራ እየያዘችኝ "ከማን ጋር ነው?" ትለኛለች። መምሬ፣ እላቸዋለሁ፣ ጠላት በባሕር ሆድ ተደብቆ ቢመጣ በዓይን አይታይም፣ መርከብ ሙሉ የሰው ልጅ ይዞ ይሰምጣል። ያ ሁሉ እናት ያለው ልጅ ነው። ጆሯችን ካልለመደ ማን ያድነው? እሳቸውም በሐሳቤ ይመልሱልኛል፦ ዓሣ ነባሪዋስ ልጅ የላትም? ይሉኛል። በዚህ ላይ ስደርስ ተነሥቼ እወጣለሁ። ግቢውን እዞራለሁ። ሁለቱም ወገን እውነት ሲኖረው ሰው የት ይቆማል?

ያዳነኝ ጋሽ ተክሌ ነው። ጋሽ ተክሌ በርስት ክርክር ጊዜ መንዝን ያስጨነቀ ነገረኛ ነበር። መሬቱ ታውጆ ለገበሬ ከተሰጠ በኋላ የሚከራከርበት አጣ፣ ከዚያ ወዲህ እንደታመመ ሰው ነበር። የኔን ነገር ሲሰማ ዓይኑ በራ። "ይሄማ ሽምግልና ነው የሚያስፈልገው፣ ግዝት አይበቃውም" ብሎ መምሬን ለመናቸው። መምሬም ውስጣቸው ሳይጨነቅ አልቀረም መሰለኝ፣ እሺ አሉ። በጋሽ ተክሌ ግቢ፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ ተቀመጥን። ነገሩ ከግቢው እንዳይወጣ ተነጋግረን ነበር። ገና ስንጀምር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

"ምን ስብሰባ ነው ይሄ?"

"የግጦሽ ጠብ ነው" አለ ጋሽ ተክሌ ሳይደነግጥ።

"ከማን ጋር?"

"ከሩቅ ዘመድ ጋር፣ ቆላ ያለ።"

ሊቀ መንበሩ "በፍጥነት ጨርሱ" ብሎ ሄደ። ጋሽ ተክሌም ኩታውን አደግድጎ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ቆመ። "እኔ ስለ ዓሣ ነባሪው ሆኜ እቆማለሁ፣ እሱ መምጣት አልቻለምና" አለ። ሽማግሎቹ ሣቁ፣ ጋሽ ተክሌ ግን አልሣቀም። እንደ ድሮው በፍርድ ቤት እንደሚቆመው ነው የቆመው። በረቱ ውስጥ ያሉት በጎች ሳይቀሩ ዝም አሉ ብል አታምኑኝም።

"ለምንድን ነው የምትጮኹበት?" አለኝ።

"ለመለማመድ ነው ጋሼ። ጠላት ሲመጣ እንድናውቀው።"

"ጠላታችሁ እሱ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ቤት ስትሄድ እንዴት ነው የምትገባው?"

"ከሩቅ 'ቤቶች!' እላለሁ።"

"ሳትል ብትገባስ?"

"ውሻ ይበላኛል።"

"ቤቶች ብለህስ የምትቆመው ለምንድን ነው?"

"ውሻውን እስኪይዙ፣ ሴቱም ልጁም እስኪሰበሰብ።"

"እዚያስ ምን ሆናችሁ ነው ጆሮው ሥር ደርሳችሁ የምትጮኹት?"

እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ "ጋሼ፣ ጠላት በእውነት ቢመጣስ? ለሱም ቤቶች ልበልለት?" አልኩ። ይህች ከባድ ሆነችባቸው። ብዙ ተነጋገሩ፣ አንዱ ባናውን እየጠቀለለ፣ ሌላው መሬት እየጫረ። መጨረሻ ላይ መምሬ ራሳቸው ተናገሩ። "ጠላት የመጣ ቀን አገርህን ጠብቅ፣ እኔም እጸልይልሃለሁ። ያን ጊዜ ግዝት የለም። ልምምድ ሲሆን ግን መጀመሪያ ዝም ብለህ አዳምጥ። ልጅ የያዘች ካለች ሥፍራውን ልቀቁላት። ስትጀምርም በቀስታ ጀምር፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው፤ እስኪሄዱም ጠብቅ። ይህን ከጠበቅህ ግዝቱ አይነካህም።" እኔ የመሣሪያውን ኃይል ዝቅ አድርጎ መጀመር እንደሚቻል ነገርኳቸው፣ አዛዡ ከፈቀደ። "አዛዥህን ማሳመን ያንተ ሥራ ነው" አሉኝ።

"ዋስ ጥራ!" አለ ጋሽ ተክሌ፣ እንደ ወጉ።

ዋስ ማለት ቃሌን ባፈርስ በኔ ምትክ የሚያዝ ነው። ግዝቱ ወደሱ ይዞራል። ቁርባኑም ፍትሐቱም የሱ ነው የሚታገደው። ሽማግሎቹን ዞሬ አየሁ፣ ሁሉም ዓይኑን መሬት ተከለ። አልፈርድባቸውም፤ የማያውቁት ባሕር፣ የማያውቁት አዛዥ፣ ማን ነፍሱን አስይዞ ዋስ ይሆናል? እናቴ ከበረቱ ጥግ ጋቢዋን እንደተከናነበች ተነሣች። "እኔ ዋሱ ነኝ" አለች።

"ሴት በዚህ ዋስ አትሆንም የሺ" አለ ጋሽ ተክሌ።

"ለምን? የሚሞተው ወንድ ብቻ ነው?"

"እምዬ ተይ" አልኳት። "እዚያ የማዝዘው እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነው የሚያዝዘኝ።"

"ዝም በል አንተ የኔ ጣጣ! ዓሣ ነባሪዋም ልጅ ይዛ ነው የምትዞረው አላልክም? እኔ ካልገባኝ ለማን ይገባዋል?" መምሬም እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ግቢው ውስጥ ጠላ ቀረበና ከተገዘትኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ከአንድ ሽክና ጠጣሁ፣ ግን ምንም አልጣመኝም።

ልምምዱ በነነዌ ማክሰኞ ወጣ። ምንም ሳልቀምስ ነበር ማዳመጫውን ያደረግሁት፤ የሞቀው ጎማ ይሸተኛል። አማካሪዎቹ ከላይ ቆመዋል። ገና ሳንጀምር ሰማኋት። ዓሣ ነባሪ ስትጣራ ሰምታችሁ አታውቁም፤ ላም ከሜዳ ማዶ ጥጃዋን ስትጠራ ያለውን አስቡ፣ ረጅምና ወፍራም። ከዚያ አጠገቧ አንድ ቀጭን፣ አጭር። ልጅ ነበራት። አዛዡን አስጠራሁት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ፣ ክፉ ሰው አልነበረም።

"ጓድ አዛዥ፣ ከፊታችን ዓሣ ነባሪ አለች። ልጅ ይዛለች።"

"ጥሩ ነዋ! ጀምሩ።"

"ቢፈቀድልኝ መጀመሪያ ዝም ብለን እናዳምጥ። ሥፍራም እንቀይር። ስንጀምርም ከዝቅተኛው ኃይል ይሁን። በጠላት ፊትም ቢሆን ቀድሞ የጮኸ ነው ቀድሞ የሚታወቀው።"

አየኝ። "ምን ሆነሃል አንተ? ላብ አጥምቆሃል።" ስለ እናቴ ልነግረው አልቻልኩም። "ማዳመጥም ልምምድ ነው" ብቻ አልኩት። መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ትንሽ አሰበ። "እሺ" አለ፣ "ማዳመጥ በዕቅዱ ውስጥ አለ።" ሞተሩ ዝግ አለ፣ መርከቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። አዳመጥን። ድምጿ ራቀ፣ ከዚያ ደግሞ ቀረበ መሰለኝ፣ ውኃ ውስጥ ርቀት ያታልላል። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው፣ ዝቅ አድርጌ። ትንሽ ጨመርኩ። ጠበቅሁ። ትንሽ ጨመርኩ። እናቲቱ ትጣራለች፣ ልጁ ይመልሳል፣ እየሄዱ ነው፣ እየሄዱ ነው እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ። ከላይ አማካሪው በአስተርጓሚ ይጮኻል። አዛዡ ወርዶ ትከሻዬን ያዘኝ።

"በቃ። ሙሉ ኃይል።"

"ጓድ አዛዥ፣ ጥቂት ጊዜ ይጨምሩልኝ።"

"ጨመርኩልህ እኮ! ከዚህ በላይ እኔንም ይጠይቁኛል።" ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበረን። ትእዛዙን ፈጸምኩ። ድምፁ ወጣ። ተመለሰ። ምንም አልነበረም። ባዶ ውኃ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እስኪያመኝ ተጭኜ አዳመጥኩ። የእናቲቱ ድምፅ የለም፣ የልጁም የለም። ርቀው ሄደዋል? ወይስ ደንግጠው ዝም ብለው ነው? አማካሪዎቹ ረክተው የምስክር ወረቀቱን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ያ አዛዥ ልምምድ ሲኖር ወደ እኔ ዘወር ብሎ "እስቲ መጀመሪያ ጠይቃቸው" ማለት ለመደ፣ ሌሎቹ መርከቦች ላይ ያሉትም አንዳንዶቹ ልማዱን ያዙት። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። የዚያችን አንዷን መጨረሻ ግን አላውቅም። ደሴቶቹን ስናልፍ ዳር ዳሩን እያየሁ አልፍ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹን በምልክትም በአፍም ጠየቅኩ። "ትልቅ ዓሣ ብዙ አለ" ነው የሚሉኝ። ኋላ ጦርነቱ ሁሉን በታተነው፣ ባሕሩም ከእጃችን ወጣ፣ መርከበኛውም በየአገሩ ተበተነ። አሁን ማንን ልጠይቅ? ቡና ቤት ውስጥ አንድ የቀድሞ ባሕር ኃይል አገኘሁ ብል የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፣ ሰውየው እብድ ነው ብሎ ወንበሩን ያርቃል።

ባሕሩ ገና በእጃችን ሳለ ነው እናቴ የሞተችበትን ሕመም የታመመችው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ፈቃድ ለምኜ መጣሁ። በዩኒፎርሜ አልመጣሁም፣ ወፍራም ካፖርት ነበር የለበስኩት፣ እንዳትቆጣኝ። አልጋዋ ላይ አንሳ አገኘኋት፤ ባናው ከሷ ይከብዳል። መምሬ አጠገቧ ተቀምጠው ይደግሙ ነበር። ገና እንደገባሁ፣ እንዴት ነህ ሳትለኝ፣ "ልጇን ይዛ ሄደች?" አለችኝ።

ልጅ ይዛ ስላገኘናት ዓሣ ነባሪ በደብዳቤ ጽፌላት መጨረሻዋን ስላልነገርኳት፣ መንገድ ላይ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ሄዳለች ልል ነበር፣ ደህና ሄዳለች፣ እንዲህ እንዲያ ሆና ልል። ዓይኗን ሳይ ግን አልቻልኩም።

"ያላችሁኝን ሁሉ አደረግሁ እምዬ። አዳመጥኩ፣ ሥፍራ ቀየርን፣ በቀስታ ጀመርኩ። ኋላ ዝም አለች። ሄዳ እንደሆነ አላውቅም።"

መምሬ መጽሐፋቸውን ዘጉ። መስቀላቸውን አነሡ። "ልጅሽ የታዘዘውን ፈጽሟል። ከዚያ ያለፈው የሰው አይደለም። የሺ፣ ዋስነትሽ ወርዶልሻል፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

እናቴ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ ግን ራሷን ነቀነቀች። "አይወርድም መምሬ። አላውቅም አለ እኮ። ሳይታወቅ እንዴት እወርዳለሁ?"

"የሺ፣ አሁን ይህን የምትይበት ጊዜ አይደለም። ፈትቼሻለሁ እያልኩሽ!"

"እርስዎ ፈቱኝ፣ አመሰግናለሁ። ያቺን ግን ማን ይፈታታል? አንድ ሰው እንኳ ሄደች ወይ እያለ ይቆይላት እንጂ።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። መምሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ እጄን ፈልጋ ያዘች፣ እጇ በልጅነቴ እንደማውቀው ሻካራ ነበር።

"ጆሮህ ደህና ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው እምዬ።"

"እንግዲያው አንድ ቀን ትሰማታለህ። ስትሰማ ትነግረኛለህ፣ እስከዚያ ዋስህ እኔ ነኝ።"

"እሺ" አልኳት።